የናርዶስ በር

አዲሱ ቅባት ከመጣ ወዲህ ጠባሳ የሚባል ነገር ቀርቷል። ቤዛዊት ሁለተኛ ልጇን በኦፕራሲዮን ስትወልድ ቁስሉ ምልክት ሳይተው ሻረ፤ በዚያው ቦታ የነበረው፣ የበኩር ልጇ ናርዶስ የተወለደችበት ጠባሳም አብሮ ጠፋ።

አራስ ቤት መቀነቷን ስትፈታ የአምስት ዓመቷ ናርዶስ ተጠግታ አየች።

«እማዬ፣ እኔ የወጣሁበት በር የት ሄደ?»

«አለ እንጂ፤ እዚህ ጋ ነው።»

ቤዛዊት ጣቷን ሆዷ ላይ አሳረፈች። ትንሽ ወደ ታች አወረደችው፤ ደግሞ መለስ አደረገችው። ለካ እሷም አታውቀውም።

«እዚያ አይደለም!»

ናርዶስ እስክሪብቶዋን አምጥታ፣ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ እናቷ ሆድ ላይ መስመር አሰመረች። ሊያልቅ ሲል ወደ ላይ አጠፈችው።

«እዚህ ጋ ይጣመም ነበር።»

እውነትም ይጣመም ነበር።

በማግስቱ ቤዛዊት ገላዋን ስትታጠብ እዚያ ቦታ ላይ ሳሙና አላስነካችም።