ወፌ ቆመች

«ዩኒቨርሲቲ ገብተሽ ሞግዚትነት?» ይሏታል የዶርም ጓደኞቿ። እሷ ግን ሥራውን ወዳዋለች፤ ምሳ አለ፣ ሕፃኑ ኢዮስያስ ሲተኛም እንደ ልቧ ታጠናለች። ያስጨነቃት ሌላ ነው። ሰኞ ዕለት ልጁ ሶፋውን ለቆ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ተራምዶ እቅፏ ውስጥ ወደቀ። እናቱ ሥራ ላይ ነበሩ። እናት የልጇን የመጀመሪያ እርምጃ ከሰው አፍ መስማት የለባትም ብላ ወሬውን ዋጠችው።

ዛሬ እናቱ ከሥራ ገብተው ቦርሳቸውን ሳያስቀምጡ፣ «እትዬ መአዛ፣ እስቲ ወፌ ቆመች ይበሉት!» አለቻቸው።

ተንበርክከው እያጨበጨቡ ዘመሩለት። ልጁ እየተንገዳገደ ሄዶ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመ።

«ልጄ ሄደ! እኔኑ ጠብቆ!» ብለው አለቀሱ። እሷም ገና ዛሬ እንዳየ ሰው እልል አለች።

ታክሲ ስትጠብቅ ደሴ ላለችው እናቷ ደወለች። ጓደኞቿ የማያውቋት፣ ጡት አስጥላ ለእናቷ ትታ የመጣቻት ሴት ልጅ አለቻት።

«ልጄስ እማዬ? ቆመች?»

«ኧረ ገና ናት! አንቺን እየጠበቀች ነው መሰለኝ።» ወዲያው የእናቷ ድምፅ ከስልኩ ራቅ አለ፤ «አንቺ ልጅ፣ አትሩጪ! ትወድቂያለሽ!»

ስልኩን ጆሮዋ ላይ ይበልጥ አጣበቀች።

«እሺ እማዬ» አለች፤ «ስመጣ ወፌ ቆመች እላታለሁ።»