አፍ የማይሸፈንበት ቤት

እኛ ቤት ሲያወሩ አፍን በእጅ መሸፈን ነውር ነው። ጆሮዬ ከልጅነቴ ጀምሮ አይሰማም፤ የሰው ወሬ የምለቅመው ከከንፈሩ ነው። ባሌም ሊያገባኝ ሲመጣ አፉን ላይሸፍንብኝ ምሎልኛል።

ሰሞኑን በድምፅ አልባ ፊልም ዘመን ስለነበረች አንዲት ዝነኛ ተዋናይት ፊልም የሚሠሩ ሰዎች ቀጥረውኛል። ካሜራ ፊት በእውነት ምን ትል እንደነበር ከከንፈሯ አንብቤ እጽፋለሁ። ብዙው ያስቃል። ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ጽሑፍ «እስከ ሞት እወድሃለሁ» ሲል እሷ «ቀሚሴን ረገጥከው፣ አንተ በሬ!» ትላለች።

ፊልሙን የሚያሳየውን ማሽን የምታንቀሳቅሰው እኔው ያሳደግኳት ታናሽ እህቴ ናት። ዛሬ ከሰዓት ባሌ ሊወስደኝ መጥቶ ከኋላዬ፣ ከእሷ አጠገብ ቆመ። እኔ ስክሪኑ ላይ አፍጥጫለሁ።

ተዋናይቷ መስኮቱ ጋ ደረሰች። ትናንት እዚህ ቦታ ላይ «ጫማዬ ጠበበኝ» ነበር ያለችው፤ ጽፌዋለሁ።

«መቼ ነው የምትነግራት?» አለች ዛሬ።

አብሯት የሚጫወተው ሰውዬ «ይህን ሥራ ትጨርስ ብዬ ነው» አላት።

«እህቴ እኮ ናት! ዓይኗን ማየት አቃተኝ።»

እስክሪብቶዬ ቆመ። ዞር አልኩ። ባሌም እህቴም አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነዋል። እህቴ ቶሎ ብላ እጇን አወረደችና ፈገግ አለችልኝ።

«አቧራው አስሎን ነው፣ እቴቴ» አለች።

ወደ ስክሪኑ ዞርኩ። ተዋናይቷ ወደ ሰውዬው ጠጋ አለች።

«አየችን» አለችው።