የተበላሸው ፍሪጅ

ጠጋኙ የፍሪጁን በር ሲከፍተው መብራቱ ቦግ አለ፤ ቅዝቃዜውም ፊቱን መታው። የፍሪጁ ባለቤት መስታወት ግድግዳውን ተደግፋ ቀረች። ከሦስት ቀን በፊት ጎረቤቷ፣ የመሪጌታው ሚስት፣ የባላቸውን የስኳር መርፌ ይዘው መጥተው፣ "ልጄ፣ እርጥብ አሸዋ ውስጥ የቀበርኩት ማሰሮ ሙቀቱን አልቻለልኝም፤ እባክሽ አንቺ ዘንድ ይቀመጥልኝ" ሲሏት፣ "ውይ እሜቴ፣ ፍሪጁ ተበላሽቶብኛል" ብላ የመለሰቻቸው ራሷ ናት። ዛሬ አሮጊቷ ለእሷ አዝነው፣ ከሰቆጣ ገበያ ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግነውን ሰው ለምነው አመጡላት።

ከላይ፣ ክዳኑ በተሰበረው የበረዶ ሳጥን ውስጥ፣ ከቅበላ የተረፈው የበግ ሥጋ ተጋድሟል። ሁዳዴ ከገባ ሁለተኛ ሳምንቱ ነው። ሰው ሁሉ የተረፈውን ለውሻ ሲጥል፣ እሷ "ለፋሲካ ይደርሳል" ብላ አስቀርታው ነበር። ትናንት ማታ በቢላዋ የቆረጠችለት በኩል ግን ገና ቀይ ነው።

ጠጋኙ ሥጋውን አየ፤ እሷንም አየ። ከኋላው የቆሙትን አሮጊት በጀርባው ከልሎ አንዲት ብሎን ፈታ፣ መልሶ አጠበቃትና በሩን ዘጋ።

"ፊውዙ ነበር እማማ። አሁን ይሠራል" አለ።

አሮጊቷ እጃቸውን ዘርግተው መረቁት። ከነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን የመርፌውን መድኃኒት ብልቃጥ ፈተው ለመስታወት አቀበሏት። ዓይናቸውን ከወለሉ አላነሱም።

"አንቺው አስገቢልኝ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ብቻ ልጄ፣ ከሥጋው ፈንጠር አድርጊልኝ።"