ንፋሱ ነው

ፀጉር አስተካካዩ አንድ ቦታ መቆም አቃተው። የሚወረወረውን የፕላስቲክ ዲስክ ከእጅ ወደ እጅ ያቀባብል፣ ጣቱ ላይ ያሽከረክር፣ በሱሪው ይጠርግ ጀመር፤ እጁ ለአፍታ ሥራ ከፈታ ጉዱ መፍላቱ ነው። የሰፈሩ ባለሱቆች ለጨዋታ ያህል ያዘጋጁት ውድድር የመጨረሻ ውርወራው ላይ ደርሷል። ሰንሰለት የተንጠለጠለበት የብረት ቅርጫት ከፊቱ ቆሟል፤ ዲስኩን እዚያ ውስጥ ከጣለ እሱና ታላቅ ወንድሙ ያሸንፋሉ።

«ምነው፣ ጉንዳን ላይ ቆምክ እንዴ?» አለ ዳቦ ጋጋሪው። ሰው ሁሉ ሳቀ።

«ሰውነቴን እያሟሟቅኩ ነዋ!» አለና በጥድፊያ ወረወረው። ዲስኩ ገና ከጣቱ ሲላቀቅ ተወላገደ፤ ቅርጫቱን በሩቁ አልፎ ቁጥቋጦ ውስጥ ተወሸቀ።

«ንፋሱ ነው!» ብሎ ጮኸ። ዛፎቹ ላይ አንዲት ቅጠል እንኳ አልተነቃነቀችም። ባለሱቆቹ እየተሳሳቁ ወደ ጥላው ሲሄዱ ሁለቱንም እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

ወንድሙ ዲስኩን ፈልጎ ይዞለት መጣ። አንድ ሱቅ ውስጥ ጎን ለጎን ነው የሚሠሩት፤ ጠዋት ጠዋት ደንበኛ ሳይመጣ አንዱ የአንዱን ፂም ይላጫል። ዲስኩን ዘረጋለት፤ የሚቀበለው እጅ ግን ከኪስ አልወጣም። ወንድሙ የራሱ አገጭ ላይ የተለጠፈውን ፕላስተር በጣቱ ነካ አደረገ።

«የዛሬ ጠዋቱስ፣ ወንድሜ?» አለው ቀስ ብሎ። «እሱም ንፋስ ነበር?»