በአጥሩ ሥር ያለው ጉድጓድ

በጓሮው አጥር ሥር ያለውን ጉድጓድ የምትቆፍረው ጥንቸሏ እንደሆነች ሃፊዛ አልተጠራጠረችም። ጠዋት ደፍናው ጦር ኃይሎች ወዳለው ሱቋ ትሄዳለች፤ ስትመለስ ጉድጓዱ ተከፍቶ፣ የጥንቸሏ እግር አፈር ለብሶ ይጠብቃታል።

«የምትቆፍረው ካላገኘች አታርፍልሽም፤ በካርቶን አሸዋ አድርጊላት» አለቻት ጎረቤቷ ሰብሪያ። አደረገችላት። ጥንቸሏ ዞር ብላም አላየችው።

እሑድ ከሰዓት ሃፊዛ እጅ ከፍንጅ ልትይዛት፣ ከያዘቻትም ለሰው ልትሰጣት ቆርጣ መስኮቱ ሥር አደፈጠች። ጥንቸሏ መጣች። በፊት እግሮቿ አፈሩን ዳግም ወደተከፈተው ጉድጓድ እየገፋች ደፈነችው፤ ረጋገጠችው፤ ከዚያ ላዩ ላይ ተኛችበት።

«በከንቱ ነው የጠረጠርኩሽ» አለች ሃፊዛ በልቧ።

ያኔ አፈሩ ጥንቸሏን እንደተሸከመ ከሥር ከፍ አለ። ጥንቸሏ አልሸሸችም። እንደለመደችው ይበልጥ ተጫነችው።