ማውሱን አትልቀቂ

«ከዚያስ እማማ?» አለች ብርቅዬ፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል።

ወይዘሮ ዘነበች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከጎኗ ተቀምጠዋል። የልጃቸው የፊልሞን ቀብር ከሰዓት በኋላ ነው። ቀብሩ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ዘመድ «እኛ እናጽፈው» ቢላቸው፣ «ልጄን ከእኔ በላይ ማን ያውቀዋል?» ብለው ከለቅሶው ድንኳን ተነሥተው ብርቅዬ ተቀጥራ ወደምትጽፍበት የፒያሳ ጽሕፈት ሱቅ መጡ።

የጽሕፈት ሱቁ ኮምፒውተር ክፉ አመል አለው። ባለቤቱ ሞገስ አሮጌና አዲስ ዕቃ ለቃቅሞ ነው የገጣጠመው፤ ዕቃዎቹም እንደ ጣውንት አይስማሙም። ትንሽ ካልነኩት ኃይል ልቆጥብ ብሎ ይተኛል፤ ከተኛ ደግሞ አይነቃም። ያኔ አጥፍቶ ማብራት ብቻ ነው፤ ሴቭ ያልተደረገውን ሁሉ ውሃ በላው። እንዳይተኛ ቢያስተካክሉትም መብራት በጠፋ ቁጥር ይረሳዋል። መብራቱ ደግሞ ዛሬ ጠዋትም ጠፍቶ ነበር። ሞገስ «ቤቱ ቢቃጠል እንኳ ማውሱን አትልቀቂ» ይላታል።

«ልጅ ሆኖ ጨለማ ይፈራ ነበር» አሉ ወይዘሮ ዘነበች። «የነጠላዬን ጫፍ ካልጨበጠ እንቅልፍ አይወስደውም። ባጃጅ ነጂ ከሆነ በኋላም እየሳበ ይቀልድብኝ ነበር። ትናንት ጠዋት ሊወጣ ሲል ጫፉን ያዝ አደረገና፣ ‹እማዬ› አለኝ፣ ‹እማዬ...›»

ድምፃቸው ተሰበረ።

ሰው እያለቀሰ መተየብ ነውር ነው። ብርቅዬ ወንበሯን አዙራ ሁለት እጃቸውን ያዘች። «ይብቃዎት እማማ፣ ይብቃዎት» እያለች እሷም አብራ አለቀሰች።

የኮምፒውተሩ ማራገቢያ ጸጥ ሲል ክው አለች። ስክሪኑ ጠቁሯል። ማውሱን ነቀነቀች፤ ቁልፎቹን ደበደበች። ወይ ፍንክች! ወሬው ይዟት አንድም ጊዜ ሴቭ አላደረገችም። አጥፍታ አበራችው።

«ጠፋብኝ እማማ። ይቅር ይበሉኝ፤ እንደገና ልንጀምር ነው።»

ወይዘሮ ዘነበች ጥቁሩን ስክሪን አዩት። አልተቆጡም፤ ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

ኮምፒውተሩ ተነሣ። «በይ ጻፊ» አሉ፣ እንባ በሌለው ድምፅ። «ፊልሞን ሐዋሳ ተወለደ። ተማረ። ባጃጅ ይነዳ ነበር። በመኪና አደጋ ሞተ።»

«የነጠላውን ነገርስ? ትናንት ጠዋት ያለዎትንስ?»

«ተይው ልጄ። አንዴ ለመናገር ነበር አቅም ያገኘሁት።»

ብርቅዬ የተባለችውን ጻፈች፤ ሴቭም አደረገች። ገጹ ገና ባዶ ይመስላል። ወይዘሮ ዘነበች የነጠላቸውን ጫፍ በጡጫቸው ጨብጠው ፊታቸውን ሸፈኑ፤ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ብርቅዬ ግራ እጇን ወደ እሳቸው ዘረጋች። አልደረሰላትም። ሴቭ ብታደርግም ቀኝ እጇ ማውሱን መልቀቅ ፈርቶ ወዲያ ወዲህ እያንሸራተተው ቀረ።