ቆማ ነዳጅ የምትጠጣው መኪና

"ይሄ ሁሉ ከመኪናህ ሆድ ውስጥ የወጣ ነው..."

መካኒኳ እፍኝ ሙሉ ሰማያዊ ብናኝ መዳፉ ላይ ዘረገፈችለት።

ፀጉር አስተካካዩ ክው አለ።

ይቺን መኪና እኮ እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚጠብቃት!

ሃይብሪድ ናት፤ በነዳጅም በባትሪም የምትሄድ። ያገለገለች ትሁን እንጂ ብዙ ያልተነዳች። ጡረታ ከወጡ አንዲት መምህርት ሲገዛት፣ ኪሎሜትሯን ያየ ሁሉ "ይቺማ ገና ልጅ ናት" ብሎ አድንቆለታል።

እሱም ልጅነቷ እንዳያልፍ ብሎ... አይነዳትም።

ግቢ ውስጥ አቁሟት ፀጉር ቤቱ የሚሄደው በታክሲ ነው። እሁድ እሁድ ይወለውላትና ሰፈሩን አንዴ አዙሯት ይመልሳታል።

መካኒኳ ገና እንደገዛት ነግራው ነበር። ጎማዎቹ ጥርሳቸው ባያልቅም በዕድሜ ተሰነጣጥቀዋል፣ ይቀየሩ። የፍሬን ዘይቱም ይቀየር። ከኋላ ወንበር በኩል አየር እየሳበ ትልቁን ባትሪ የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ ተከፍቶ ይጽዳ።

"ያልሄደ ጎማ ምን በወጣው ይቀየራል?" ብሎ ሳቀባት።

"መኪና በመሄድ ብቻ አይደለም የሚያረጀው፣ በመቆምም ያረጃል" አለችው።

ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ።

ከዚያ ግን ግራ የሚያጋባ ነገር መጣ...

መኪናዋ ቆማ ነዳጅ ትጠጣ ጀመር!

እሁድ ሞልቶ ያቆማትን በሚቀጥለው እሁድ ጎድላ ያገኛታል። ሌባ ጠረጠረ። የግቢውን ቁልፍ ቀየረ። አብራው የምትኖረውን እናቱን ቀን ቀን ሰው ይገባ እንደሆነ ጠየቃት። "ኧረ ማንም" አለች... ዓይኗን ሰበር አድርጋ።

ዛሬ ደግሞ ዳሽቦርዱ ላይ መብራት በራ። ማራገቢያው ታፍኖ ትልቁ ባትሪ ግሏል። ትንሽ ቢቆይ ኖሮ ባትሪው አብቅቶለት ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄኔ ነው።

"ቀለም የተቀባ የደንበኞችህ ፀጉር ነው መሰለኝ" አለችው መካኒኳ።

ብናኙን በጣቶቹ አሸት አሸት አደረገው። ፀጉርንማ ዓይኑን ጨፍኖም ያውቀዋል።

"ፀጉር አይደለም... ክር ነው።"

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። ዝም ብላ በቆመች መኪና ውስጥ ታዲያ ይሄ ሁሉ ክር ከየት ገባ?

ደሙ ፈላ። እዚያው ቆሞ መምህርቷ ጋ ደወለ። መኪናዋን የልብስ ስፌት ቤት አድርገው ቆይተው አታለው ሸጡልኝ እያለ አወረደባቸው።

ሴትዮዋ አላቋረጡትም። ሲጨርስ ረጋ ብለው መለሱለት።

"ልጄ፣ መንዳት ያቆምኩት ዓይኔ ስለደከመ ነው። መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ቀርቶ የማነጋግረውን ሰው ፊት እንኳ በደንብ አላይም።"

ይቅርታ እንኳ ሳይል ዘጋው።

ማራገቢያው ከተጸዳ በኋላ እንደተምታታበት ወደ ቤቱ ነዳ። የግቢው በር ጠዋት እንደተከፈተ ነው። ሃይብሪድ ደግሞ ቀስ ስትል ድምፅ የላትም...

እናቱ፣ መኪናዋ ሁልጊዜ የምትቆምበት ቦታ ላይ፣ ጀርባዋን ሰጥታ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች።

መርፌ ይዛ ትሰፋለች። ደግሞ ታንጎራጉራለች!

እናቱ ልብስ ሰፊ ነበረች። ያሳደገችው በዚሁ እጇ ነው። ራሱን ሲችል ግን "በቃሽ፣ እረፊ" ብሎ የስፌት መኪናዋን ለዘመድ ሰጠው። ከዚያ ወዲህ ስታንጎራጉር ሰምቷት አያውቅም።

የመኪናዋን በር ሲከፍት ብድግ አለች። የያዘችውን ጨርቅ እንደ ሌባ ከኋላዋ ደበቀችው።

ፈራችው... የገዛ ልጇን።

ከጀርባዋ የተንጠለጠለውን የጨርቁን ጫፍ አየ።

ሰማያዊ ነው። ደንበኞቹ አንገት ላይ የሚያስረው፣ የራሱ ፀጉር ቤት ጨርቅ!

ከጎረቤት ባለሱቅ ነው የሚገዛው። ባለሱቋ አንዲት ባለሙያ እንደምትሰፋው ነግራዋለች። እሱም የሰፊዋን እጅ እየመረቀ፣ በዋጋው ግን ባለሱቋን አሳሯን ሲያበላት ከርሟል።

"እማዬ... መኪናዋ ውስጥ ነበር የምትሰፊው?"

"ቤት ስሰፋ ወለሉ ላይ ክር አይተህ ተቆጣኸኝ። መኪናዋን ደግሞ አትነካት... ከኋላ ሲቀመጡባት ትመቻለች፣ ብርሃን አላት። መክፈቻዋን ቤት ትተህ ስለምትሄድ፣ ሲሞቀኝ ያሳየኸኝን የማስነሻ ቁልፍ እጫንና ትቀዘቅዝልኛለች። ድምፅ ስለሌላት የጠፋች መስሎኝ ትቻት የምወርድበት ቀንም አለ።"

ለካ ባትሪዋ ሲቀንስ ሞተሯ በራሱ እየተነሳ ነዳጁን ይጠጣው ኖሯል!

እናቱ ጨርቁን ከኋላዋ አውጥታ ዘረጋችው።

"የኔን መኪና ሰጠህብኝ። እኔም ባንተ መኪና ሰፋሁ።"

"እንዳትደክሚ ብዬ እኮ ነው፣ እማዬ..."

"አውቃለሁ ልጄ። እኔን ግን ያደከመኝ እረፍቱ ነው።"

ትልቁ ሰውዬ በርጩማው ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ። መካኒኳ ስለ መኪና ብቻ የነገረችው መስሎት ነበር።

በማግስቱ ጎማዎቹን አስቀየረ፣ የፍሬን ዘይቱንም። የስፌት መኪናዋን ከዘመድ ቤት ለምኖ አስመልሶ ፀጉር ቤቱ መስኮት ሥር አቆመላት።

መምህርቷ ቤት ሄዶ ይቅርታ ሲጠይቃቸው፣ ከምንም በፊት "ክሩ የማን ሆነ?" ነበር ያሉት።

አሁን እናትና ልጅ ጠዋት ጠዋት በሃይብሪዷ አብረው ሥራ ይሄዳሉ። ኪሎሜትሩ ይጨምራል... ይጨምር!

ወዳጆቼ፣ ብዙ ያልተነዳ ሁሉ ጤነኛ አይደለም። ያረፈ ሁሉም ደስተኛ አይደለም። የምንወደውን ሰው በፍቅር ስም ገትረን አናስረጀው።

እስቲ እናንተ ንገሩን...

"በቃሽ፣ እረፊ" ብላችሁ ከምትወደው ሥራ ያስቀመጣችኋት እናት የለችም? ዛሬ ቤት ስትገቡ ምን ትሏታላችሁ? 👇